ከአሥሩ አንዱን የሚያቆስል ባክቴሪያ

የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በ2015 በዓለም ላይ 4.4 ቢሊዮን ያህል ሰው ባክቴሪያውን እንደተሸከመ ተገምቷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩም ከተመረመረው ሰው በግማሽ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ሰው ግን ሕመምተኛ አይደለም። ባክቴሪያው ካለባቸው ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው ቁስለት የሚይዛቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ የጨጓራ ካንሰር የሚያገኛቸው ደግሞ ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። የቀረው ጨጓራው በመጠኑ እንደተቆጣ፣ አንዳንዴ ቃር ቢጤ እየተሰማው፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይሰማው ዕድሜውን ይጨርሳል።

ታዲያ አንዱን አቁስሎ ሌላውን የሚተወው በምን ለይቶ ነው? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ተመራማሪዎች መልሱን በባክቴሪያው ጂኖች ውስጥ ሲፈልጉ ኖረዋል። ክፉ ዝርያ አለ፣ ገራም ዝርያ አለ፤ ክፉውን ያከፋውን ጂን ካገኘን ማን እንደሚታመም ቀድመን እናውቃለን የሚል ተስፋ ነበር። የተስፋው ግማሽ ሠምሯል፤ ክፉና ገራም ዝርያ መኖሩ ዛሬ አያከራክርም። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም የትኛው ሰው እንደሚቆስል መተንበይ፣ አልሆነም። እኔ እስከማየው ድረስ በባክቴሪያው ጂን ብቻ የሚሆንም አይመስልም።

የነገሩን አጀማመር ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሲተረክ ግን አንድ ነገር ይዘለላል። የአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ፓቶሎጂስት ሮቢን ዋረን በ1979 ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ጠምዘዝ ያሉ ባክቴሪያዎችን አየ። ባሪ ማርሻል ከተባለ ወጣት ሐኪም ጋር ሆኖ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማራባት ቢሞክርም አልበቅል አለ። የተሳካላቸው በ1982 ነው፤ ያውም በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳህኖቹ በሁለት ቀን መጣላቸው ቀርቶ እስከ በዓሉ ማግሥት ስለቆዩ። በ1984 ማርሻል የባክቴሪያውን ብጥብጥ ራሱ ጠጣው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመረው፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ማርሻል ቁስለት አልያዘውም። ያ ሁሉ ድፍረት ያረጋገጠው ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያስቆጣ ብቻ ነበር። ስለ ቁስለቱ የማያወላዳ ማስረጃ የመጣው ከሕክምናው በኩል ነው። በ1993 ከኦስትሪያ የወጣ ጥናት የዱዎዲነም፣ ማለትም የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ያለባቸውን ሰዎች ተከታተለ። ሁሉም የአሲድ መቀነሻ ወስደዋል፤ ግማሾቹ ግን አንቲባዮቲክ ተጨምሮላቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንቲባዮቲክ ካገኙት 8 በመቶው፣ ካላገኙት 86 በመቶው ላይ ቁስለቱ ተመለሰ። ማርሻልና ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባክቴሪያው የቁስለት ምክንያት መሆኑ ያበቃለት ክርክር ነበር። ያላበቃው፣ ለምን በጥቂቶች ላይ ብቻ የሚለው ነው።

ባክቴሪያው ጨጓራ ውስጥ ለመኖር የግድ የሚያስፈልጉት ጂኖች አሉ። ዋናው ዩሪየስ የሚባለውን ኤንዛይም የሚሠሩት ናቸው፤ ዩሪየስ ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ በማውጣት በባክቴሪያው ዙሪያ ያለውን አሲድ ያበርዳል። ይህን ሥራ በዓይን ማየት ይቻላል። ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ሥጋ ቆንጥሮ ዩሪያ ወዳለበት ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ ያስገባታል፤ ባክቴሪያው ካለ አሞኒያው ፈሳሹን ወደ ሮዝ ይቀይረዋል። አንዳንዴ ታካሚው ከአልጋው ሳይወርድ ቀለሙ ተቀይሮ ይገኛል። ባክቴሪያው ዝልግልጉን የጨጓራ ልባስ እየሰነጠቀ የሚዋኝበት ጭራም እንደዚሁ የግድ ያስፈልገዋል። በቤተ ሙከራ ዩሪየስ ወይም ጭራ የሌላቸው ባክቴሪያዎች በእንስሳት ጨጓራ ውስጥ መስፈር አቅቷቸዋል። እነዚህ ጂኖች ግን በሁሉም ዝርያ ውስጥ ስላሉ ክፉውን ከገራሙ አይለዩልንም።

የሚለዩትን ለማግኘት መንገዱን የከፈተው በ1988 የታተመ ሥራ ነው። ባክቴሪያው የተራባበት ፈሳሽ ተጣርቶ በሕዋሳት ላይ ሲፈስ፣ ከዝርያዎቹ በግማሽ ያህሉ ሕዋሳቱ በውስጣቸው ባዶ ፊኛ ሞልተው ያብጡ ነበር። ቲሞቲ ከቨርና ማርቲን ብሌዘር በ1992 ይህን የሚያደርገውን መርዝ ነጥለው አወጡት፤ ቫክኤ ተባለ። በ1993 ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፣ አንዱ በአሜሪካ አንዱ በጣሊያን፣ የቁስለተኞች ደም ብዙ ጊዜ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራበትን ትልቅ ፕሮቲን ጂን አገኙ፤ ይኸኛው ካግኤ ነው። በ1996 ካግኤ ብቻውን እንዳልሆነ ታወቀ። ወደ 40 ሺህ የዘረመል ፊደላት የሚረዝምና ሠላሳ ገደማ ጂኖችን የያዘ፣ ከሌላ ባክቴሪያ የመጣ የሚመስል ቁራጭ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጂን ነው። ተመራማሪዎቹ ቁራጩን የካግ ደሴት አሉት። ደሴቱ ያለባቸው ዝርያዎች አሉ፣ የሌለባቸውም አሉ። በምዕራብ አገሮች በተደረጉ ቆጠራዎች የዱዎዲነም ቁስለት ካለባቸው ሰዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደሴቱ ያለበትን ዝርያ ሲሸከሙ፣ ቁስለት ከሌላቸው ተሸካሚዎች ግን ይህ 60 በመቶ ገደማ ነበር። የመስኩ ተስፋ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ችግሩም እዚያው ውስጥ አለ። 60 በመቶ የሚሆኑት ጤነኞች ክፉውን ዝርያ ተሸክመው ለምን አልቆሰሉም?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ካግኤ ምን እንደሚያደርግ መናገር ይገባል፤ በባክቴሪያ ዓለም ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ነው። የደሴቱ ጂኖች ከባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚወጣ መርፌ መሳይ መሣሪያ ይሠራሉ። መርፌው በጨጓራ ሕዋስ ላይ ሲተከል ካግኤ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሕዋሱ የራሱ ኤንዛይሞች ፎስፌት ይለጥፉበታል። የተለጠፈበት ካግኤ ሽፕ-2 የሚባለውን፣ የሕዋስን እድገትና እንቅስቃሴ የሚያዝዝ ፕሮቲን ይይዝና ያለ ሰዓቱ ያስነሣዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ የነበረው ሕዋስ ይሳሳና እንደ ወፍ መንቆር ረዘም ያለ ቅርጽ ይይዛል፤ ተመራማሪዎቹም ሃሚንግበርድ በምትባለው ረጅም መንቆር ባላት ወፍ ሰይመውታል። የጃፓኑ ማሳኖሪ ሃታኬያማ ቡድን ይህን ሰንሰለት በ2002 አሳየ፤ በ2008 ደግሞ ባክቴሪያ የሌለባቸው፣ ካግኤ ብቻ በዘረመላቸው የተከተተባቸው አይጦች ሠርቶ አንዳንዶቹ የጨጓራ ካንሰር እንደያዛቸው ዘገበ። ፎስፌት የሚለጠፍበት ቦታ በምሥራቅ እስያ ዝርያዎችና በሌሎቹ መካከል ይለያያል፤ የምሥራቅ እስያው ሽፕ-2ን አጥብቆ ይይዛል። የካንሰሩ ቁጥር በጃፓንና በኮሪያ ከፍ ያለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በጃፓን ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ተሸካሚ ያለበት ዝርያ ካግኤ ያለበት ነው። ሁሉም ዘንድ ያለ ነገር ደግሞ ታማሚውን ከጤነኛው አይለይም።

ቫክኤ ሌላ ዓይነት ችግር ያመጣል። ጂኑ በሁሉም ዝርያ አለ፤ የሚለያየው አጻጻፉ ነው። ጆን አዘርተን በ1995 እንዳሳየው የጂኑ መነሻ ሁለት ዓይነት፣ መካከለኛው ክፍልም ሁለት ዓይነት ሲሆን እንደ ጥምረታቸው መርዙ ይበረታል ወይም ይደክማል። በደካማው ዓይነት በፕሮቲኑ ጫፍ ላይ አሥራ ሁለት አሚኖ አሲዶች ተጨምረው ያደነዝዙታል። ብርቱው መርዝ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ከዚያም አልፎ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይባዙ ይከለክላል። ይህ የኋለኛው ለባክቴሪያው ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅሙ ይመስለኛል። ዓላማው አስተናጋጁን ማቁሰል አይደለም፤ ለአሥርተ ዓመታት ሳይባረር መኖር ነው።

መጣበቂያዎችም አሉ። ባብኤ የሚባለው ፕሮቲን ባክቴሪያውን ከጨጓራ ሕዋስ ላይ ካለ፣ የደም ዓይነትን ከሚወስኑ ስኳሮች ጋር ያጣብቀዋል። በ1954 ስኮትላንዳዊው ኢያን ኤርድና ባልደረቦቹ የደም ዓይነታቸው ኦ የሆነ ሰዎች በቁስለት ይበልጥ እንደሚያዙ ጽፈው ነበር፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን አልነበረም። ባክቴሪያው ከኦ ዓይነት ስኳር ጋር እንደሚጣበቅ የታየው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1993 ነው። በ2004 ደግሞ ነባር ሕዝቦቻቸው በብዛት የኦ ዓይነት ደም ካላቸው ከደቡብ አሜሪካ የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ለኦ ብቻ የተስማሙ ሆነው ተገኙ። ኦይፕኤ የተባለው ሌላ ጂን ደግሞ በራሱ ውስጥ ባሉ ተደጋጋሚ ፊደላት መጨመርና መቀነስ ይበራል፣ ይጠፋል። ዛሬ የጠፋ ጂን ከዓመታት በኋላ በዚያው ሰው ሆድ ውስጥ በርቶ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ዱፕኤ እንምጣ፤ የመስኩን ጠባይ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ የለም። በ2005 በአሜሪካ የሚሠሩት ዮሺዮ ያማኦካና ዴቪድ ግርሃም ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከኮሎምቢያ የተሰበሰቡ 500 ዝርያዎችን መርምረው ለዱዎዲነም ቁስለት የተለየ ጂን አገኘን አሉ። ስሙም ከዚያው የወጣ ነው፤ የዱዎዲነም ቁስለት አባባሽ ማለት ነው። በቁስለተኞቹ 42 በመቶ፣ መቆጣት ብቻ ባለባቸው 21 በመቶ ተገኘ፤ የጨጓራ ካንሰር ባለባቸው ላይ ደግሞ ከዚያም አነሰ። ቁስለትን የሚያመጣ፣ ከካንሰር የሚያርቅ ጂን! የሚፈለገው እሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከብራዚል የወጣ ሰፊ ጥናት ጂኑን በአብዛኞቹ ዝርያዎች ላይ፣ ቁስለት ኖረም አልኖረ አገኘው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ገሚሱ አዎን፣ ገሚሱ አይደለም አሉ። ምክንያቱ በከፊል ታውቋል። አንዲት ፊደል በጂኑ መካከል ስትጎድል ወይም ስትጨመር ጂኑ ይሰበራል፤ የተለመደው ምርመራ ግን የጂኑን ቁራጭ ብቻ ስለሚያይ የተሰበረውንም እንደ ደህና ይቆጥረዋል። አሁን ክርክሩ ሙሉው ረጅሙ ዱፕኤ ብቻ ይቆጠር ወደሚል ዞሯል። ከዱፕኤ በፊት አይስኤ የተባለ ጂንም በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚሁ መንገድ ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ወርዷል።

በእነዚህ ቆጠራዎች ሁሉ ላይ የማነሣው ቅሬታ አለ። ካግኤ፣ ብርቱው ቫክኤና ባብኤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዝርያ ላይ አብረው ይገኛሉ። አንዱን የቆጠረ ሌሎቹንም ሳያውቅ ቆጥሯል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በቆጠራ ብቻ አይለይም። ናሙናው የሚመጣውም ሆዱን አሞት ኢንዶስኮፒ ከታዘዘለት ሰው ነው፤ ያልታመመው ዘጠኝ አሥረኛው እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። በአንድ ጨጓራ ውስጥ ከአንድ በላይ ዝርያ ሊኖር ሲችል የተቆነጠረው ከአንድ ወይም ከሁለት ቦታ ብቻ ነው። ስንቱ ቁስለተኛ ለወገብ ሕመሙ ዳይክሎፌናክ፣ ለራስ ምታቱ አስፕሪን ሲወስድ እንደነበረ በቅጡ ያልጠየቁ ጥናቶችም ጥቂት አይደሉም፤ እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያ ሳይኖርም ያቆስላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው እንቆቅልሽ ግን ካግኤ ለቁስለትም ለካንሰርም ተከሳሽ ሆኖ ሳለ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ የማይስማሙ መሆናቸው ነው። በ1996 በስዊድን የታተመ ትልቅ ክትትል የዱዎዲነም ቁስለት የነበራቸው ሰዎች በጨጓራ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። መልሱ ያለው ባክቴሪያው በሰፈረበት ቦታ ላይ ነው። መቆጣቱ ወደ አንጀት በሚያወጣው የታችኛው የጨጓራ ክፍል ላይ ሲበረታ አሲድን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ጋስትሪን ይጨምራል፣ ደህና የቀረው የላይኛው ክፍል አሲድ ያመርታል። ትርፉ አሲድ ዱዎዲነም ላይ ይፈሳል፤ የዱዎዲነሙ ልባስ ራሱን ለመከላከል የጨጓራን ልባስ እየመሰለ ይሄዳል፤ ባክቴሪያውም የሚያውቀው ቤት ስላገኘ እዚያ ይሰፍርና ያቆስለዋል። መቆጣቱ የላይኛውን ክፍል ከያዘ ግን አሲድ አምራቾቹ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ አሲዱ ይደርቃል፣ ዱዎዲነሙ ይድናል፤ ጨጓራው ግን ወደ ካንሰር በሚያመራው መንገድ ላይ ይሆናል። ኢማድ ኤል ኦማር በ2000 እንዳሳየው ሰውየው የወረሰው ኢንተርሉኪን-1 የተባለ የመቆጣት መልእክተኛ ጂን ብርቱ ዓይነት ከሆነ ወደ ሁለተኛው መንገድ ያዘነብላል፤ መልእክተኛው ራሱ አሲድን አጥብቆ የሚያፍን ነውና። እንግዲህ የባክቴሪያው ጂን እሳቱን ያበረታዋል፤ እሳቱ የት እንደሚነድ ግን የሰውየው ዘረመል፣ አመጋገቡ፣ ባክቴሪያውን በልጅነቱ የያዘበት ዕድሜም ይናገሩበታል።

ከዚህ ጋር የሕዝቦች ታሪክ ይመጣል። በ2007 የታተመ ሰፊ ጥናት ባክቴሪያው ከ58 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ከሰው ልጅ ጋር ከምሥራቅ አፍሪካ እንደወጣ አስልቷል። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሱዳን ሰዎች ዘንድ የሚበዛው የባክቴሪያው ነገድ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል። በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኝ አንድ ጥንታዊ ነገድ ደግሞ የካግ ደሴት ጨርሶ የለውም፤ ደሴቱ በኋላ የተገኘ መሆኑን ከሚጠቁሙት አንዱ ይህ ነው። በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ 5,300 ዓመት የቆየው ኦትዚ የተባለው ሰው ጨጓራ በ2016 ሲመረመር የያዘው ካግኤ ያለበት ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል። የኮሎምቢያው ምሳሌ ከሁሉም ያስተምራል። በተራራማው ቱኬሬስና በባሕር ዳርቻው ቱማኮ ባክቴሪያው በእኩል ደረጃ ተስፋፍቷል፤ የጨጓራ ካንሰር ግን በተራራው ላይ 25 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በ2014 የታተመው ትንታኔ ልዩነቱን በካግኤ መኖር አለመኖር ሳይሆን በባክቴሪያውና በሰውየው የዘር ግንድ መስማማት አለመስማማት አስረድቶታል። የአፍሪካ ግንድ ያለው ባክቴሪያ የአፍሪካ ግንድ ባለው ሰው ሆድ ውስጥ ገራም ነው፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ግንድ ባለው ሰው ሆድ ውስጥ ግን ይከፋል። ክፉ ጂን፣ ገራም ጂን የሚለውን አነጋገር ይህን ያህል ያናጋ ግኝት አላውቅም።

በአገራችን በዚህ ላይ የተሠራው ብዙ አይደለም፤ የለም ግን አይባልም። በአዲስ አበባ ሆዳቸውን ያመማቸው ሰዎች ላይ የቫክኤንና የካግኤን ዓይነቶች የመረመረ ጥናት በ2004 ታትሟል፤ ካግኤ በአብዛኞቹ ላይ ተገኝቷል። በአብዛኞቹ ላይ ከተገኘ እንግዲህ እንደ ጃፓኑ ነው፤ ለይቶ አይናገርም። በአፍሪካ ባክቴሪያው በርክቶ ካንሰሩ ማነሱ ከ1992 ጀምሮ የአፍሪካ እንቆቅልሽ እየተባለ ሲጻፍበት ቆይቷል፤ እንቆቅልሹ የኢንዶስኮፒና የካንሰር መዝገብ እጥረት የፈጠረው ነው የሚሉም አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ። በቡታጅራ ከልደታቸው ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ሕፃናት ላይ የተሠራው ሥራ ሌላ ገጽታ ያሳያል፤ ባክቴሪያው ያለባቸው ልጆች ላይ የአለርጂ ምልክት አነስ ብሎ ታይቷል። ብሌዘርም የተገኘውን ባክቴሪያ ሁሉ ማጥፋት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል ብሎ ሲከራከር ኖሯል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ታካሚው ዘንድ ሲደርስ ምን ይመስላል? የሰገራ ምርመራው ባክቴሪያ አለ ይላል፤ ሐኪሙ አሲድ መቀነሻና ሁለት አንቲባዮቲክ ለ14 ቀን ያዛል። ካግኤ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም ትእዛዙ አይለወጥም። ቁስለት ያለበት ሰው ዝርያው ገራም ነው ተብሎ ሕክምናው አይቀርበትም። የሚገርመው፣ ካግኤ ያለባቸው ዝርያዎች በሕክምና የሚጠፉት ከሌላቸው ይልቅ በቀላሉ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በፍጥነት ስለሚባዙና የተቆጣው ጨጓራ ብዙ ደም ስለሚያገኝ መድኃኒቱ ይደርስባቸዋል የሚል ግምት አለ።

ትእዛዙን የሚለውጠው የዘረመል ምርመራ ሌላ ነው፤ ከክፋት ጂኖቹ ጋር ዝምድናም የለውም። በባክቴሪያው ራይቦዞም ውስጥ ባለው 23ኤስ አርኤንኤ ላይ፣ 2143ኛው ቦታ የምትገኘው ፊደል ከኤ ወደ ጂ ከተቀየረች፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንቲባዮቲኮች አንዱ የሚሆነው ክላሪትሮማይሲን አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚፈለግላቸው ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ክላሪትሮማይሲንን የተላመደውን ሄሊኮባክተር ያስገባው ለዚህ ነው። አቅሙ ያላቸው አገሮች ይህችን ፊደል ከጨጓራ ናሙና፣ አሁን አሁን ከሰገራም ጭምር፣ በአንድ ቀን ውስጥ እያነበቡ ነው። ፊደሏ ተቀይራ ከተገኘች ክላሪትሮማይሲን ይቀርና ለታካሚው ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከአሲድ መቀነሻ ጋር ይታዘዝለታል።